ሲተኙ የሚያብጥ፣ ሲቀመጡ የሚጠፋ፦ ለሳይነስ ፔሪክራኒ የሚታዘዙ ምርመራዎች ሲመዘኑ

ግንባር መሐል ወይም አናት ላይ ያለች ለስላሳ እብጠት ናት። ልጁ ጋደም ሲል ወይም ሲያለቅስ ትነፋለች፣ ቀና ሲል ትጠፋለች። ምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ልጁ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነው፤ ግንባሩም ሜዳ ነው። ስለዚህ አንዱ ሐኪም «ምንም የለውም» ብሎ ይሸኛል፣ ሌላው «ስብ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው መርፌ ያነሳል። ከሦስቱ የሚያስፈራው መርፌው ነው። እብጠቷ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል አልፋ ከአንጎል ትልቁ የደም መውረጃ ቦይ ጋር የተገናኘች ደም መልስ ልትሆን ትችላለችና።

ይህ ችግር ሳይነስ ፔሪክራኒ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሽትሮማየር የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1850 ነው። አሠራሩን ለመረዳት የራስ ቅልን እንደ ሳንድዊች ማሰብ ይበቃል፤ ውጪ አንድ ጠንካራ ገጽ፣ ውስጥ ሌላ ጠንካራ ገጽ፣ መሐላቸው ደግሞ ደም የሞላበት ስፖንጅ መሰል አጥንት አለ። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ይህን አጥንት በስተው የሚያልፉ ቀጫጭን ደም መልሶች አሉት። ሳይነስ ፔሪክራኒ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ከልክ በላይ ሰፍተው፣ ከራስ ቆዳ ሥር ከተጠራቀመ የደም መልስ ከረጢት ጋር ሲያያዙ ነው። እነዚህ ደም መልሶች ውስጥ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል መዝጊያ) ስለሌለ ደሙ በግፊቱ መጠን ወደ ውጪም ወደ ውስጥም ይሄዳል። ጭንቅላት ከልብ በታች ሲሆን ከረጢቱ ይሞላል፣ ከልብ በላይ ሲሆን ይጎድላል።

የምርመራዎቹ ዋጋ የሚለካው በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው «እብጠቷ በእርግጥ ከውስጥ ጋር የተገናኘች ደም መልስ ናት ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የአንጎል ደም ምን ያህሉ በዚህች በር ይወጣል?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ በርካሽ መሣሪያ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ውድና ወራሪ ምርመራ ያስፈልጋል። የምናየው ትልቁ ብክነት ውዱን ምርመራ ለመጀመሪያው ጥያቄ ማዋል ሲሆን፣ ትልቁ አደጋ ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ ቢላዋ ማንሳት ነው።

እጅና ዓይን

ማሽን አያስፈልገውም፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከምርመራዎቹ ሁሉ በብዛት ተበላሽቶ የሚሠራውም እሱ ነው። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ወይም ልጁ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ የቦታው ስፋትና ከፍታ በማስመሪያ ይለካል። ከዚያ በጀርባው ይጋደማል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ እንደገና ይለካል። በመጨረሻ ጭንቅላቱ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ወረድ እንዲል ተደርጎ ከሠላሳ ሴኮንድ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ይለካል። መታዘዝ የሚችል ሰው አፍንጫውን ይዞ አፉን ዘግቶ እንዲያምጥ ይነገረዋል። ሕፃን ከሆነ ማልቀሱ ራሱ ሥራውን ይሠራል። በየደረጃው በስልክ ፎቶ ማንሳት ከብዙ ጽሑፍ ይበልጣል። ወላጆች ቤት ውስጥ ልጁ ሲያለቅስ ያነሱት ቪዲዮ ደግሞ ከምርመራ ክፍሉ ግኝት ሊበልጥ ይችላል።

ቀጥሎ ጣት ነው። በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ሲጫኑት ሳይነስ ፔሪክራኒ ያለ ተቃውሞ ይሟሽሻል፣ ልክ ውኃ ያልሞላ ፊኛ እንደመጫን። ሲለቁት ወዲያው አይዘልም፤ ቀስ እያለ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይሞላል። ጣት ከተጫነበት ሥር አንዳንዴ የአጥንቱ ጉድጓድ ጠርዝ ይሰማል። ከላይ ያለው ቆዳ የተለመደ መልክ ሊኖረው ይችላል፣ ወይም ሰማያዊ ጥላ ያጠላበታል። በጣት ምት ካለ፣ ወይም በልብ ማዳመጫ የሚንሿሿ ድምፅ ከተሰማ ነገሩ የደም መልስ ብቻ አይደለም፤ ደም ቅዳ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ መንገዱ ይለወጣል። ወደ እሱ እንመለስበታለን።

ከዚህ ምርመራ የማይገኘው ነገርም አለ። ከረጢቱ ውስጥ ደም ከረጋ እብጠቱ መሟሸሹን ያቆማል፣ በአቀማመጥም አይለዋወጥም፤ ያኔ እጅ ይሳሳታል። በሌላ በኩል ከራስ ቅል ክፍተት የወጣ የአንጎል ሽፋን ወይም የአንጎል ፈሳሽ ከረጢትም ልጁ ሲያለቅስ ይነፋል። በመሟሸሽ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ በራስ ቅል መሐል መስመር ላይ ያለ ማንኛውም እብጠት ምስል ሳይነሳ መርፌ አይገባበትም፣ ናሙና አይወሰድበትም። ደም መልስ ከሆነ ይደማል፤ ጭንቅላቱ ከልብ በላይ ባለበት ሰዓት ከተከፈተ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። የአንጎል ሽፋን ከሆነ ለማጅራት ገትር በር መክፈት ነው።

አልትራሳውንድ ከዶፕለር ጋር

ከገንዘቡና ከጉዳቱ አንጻር ስንመዝነው አንደኛ የምናደርገው ይህን ነው። ዶፕለር የሚባለው የደምን ፍሰት በቀለምና በሞገድ የሚያሳየው የማሽኑ አሠራር ነው። ጨረር የለውም፣ ማስተኛ መድኃኒት አይጠይቅም፣ ልጁ እናቱ ክንድ ላይ ሆኖ ይሠራል። የራስ ቅል ገና ስስ በሆነባቸው ሕፃናት ከከረጢቱ አልፎ የአጥንቱን ቀዳዳ፣ አንዳንዴም ከሥሩ ያለውን ትልቅ ሳይነስ (የአንጎል ደም መውረጃ ቦይ) ያሳያል። እርግብግቢቱ ገና ያልገጠመ ሕፃን ከሆነ ደግሞ በዚያ መስኮት በኩል የላይኛውን ሳጂታል ሳይነስ፣ ማለትም ከአናት መሐል ሥር የሚሄደውን ትልቁን ቦይ፣ በቀጥታ ማየት ይቻላል።

ነገር ግን ይህ ማሽን እንደ ባለሙያው እጅ ነው። ሳይነስ ፔሪክራኒን የሚያጠፉት ሦስት ስህተቶች ናቸው፤ ሦስቱንም በተደጋጋሚ እናያለን።

የመጀመሪያው የባለሙያው ክንድ ክብደት ነው። ፕሮቡ (ቆዳ ላይ የሚደረገው የማሽኑ እጀታ) የሚያርፍበት ቦታ በጣት ግፊት የሚጠፋ ነገር ነው። ሆድ እንደሚታይ ሆኖ ፕሮቡ ከተደገፈበት ከረጢቱ ባዶ ይሆናል፣ ስክሪኑ ላይ ቆዳና አጥንት ብቻ ይቀራል፣ ውጤቱም «ምንም እብጠት አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። መፍትሔው ጄል በብዛት ማድረግ ነው፤ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጄል ክምር በፕሮቡና በቆዳው መሐል ቆሞ መታየት አለበት። ምስሉ ላይ ከቆዳው በላይ ጥቁር የጄል ንጣፍ ከሌለ ባለሙያው ተጭኗል ማለት ነው። ይህን የሕክምና ትምህርት የሌለው ሰውም ከታተመው ምስል ላይ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ሁለተኛው የማሽኑ አሰላለፍ ነው። በዚህ ከረጢት ውስጥ ያለው ደም ይንቀረፈፋል። ለአንገት ደም ቅዳ በተስተካከለ የፍጥነት ስኬል ከታየ ቀለም አይገባበትም፤ ሲስት (ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ይመስላል። ስኬሉ ወደ ታች፣ በሴኮንድ ወደ 5 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት፤ ዝቅተኛ ፍጥነትን የሚያጣራው ፊልተርም ወደ ዝቅተኛው ደረጃ መምጣት ይኖርበታል። ፕሮቡ ቀጥ ያለ ገጽ ያለው፣ ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ የሆነ ይሁን፤ ፎከሱም ቆዳው አካባቢ ይቀመጥ። ይህን ሁሉ አድርጎም ቀለም ካልመጣ ከረጢቱን በቀስታ ጫን ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ተመልሶ የሚገባው ደም ቀለሙን ያበራዋል።

ሦስተኛው አቀማመጥ ነው፤ ከእጅ ምርመራው ጋር አንድ ነው። ጥሩ የአልትራሳውንድ ውጤት «ተቀምጦ» እና «ተኝቶ» የሚሉ ሁለት መለኪያዎች አሉት። አንድ ብቻ ካለው ግማሽ ምርመራ ነው።

የሞገዱ ቅርጽም ይነበባል። ለጥ ያለ፣ ከትንፋሽና ከማማጥ ጋር የሚለዋወጥ መስመር የደም መልስ ነው። ከልብ ምት ጋር ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ በልብ ምቶች መሐልም ከፍ ብሎ የሚቆይ መስመር ደም ቅዳ በቀጥታ ወደ ደም መልስ እየገባ እንደሆነ ይጠቁማል። አልትራሳውንድ ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የአንጎል ደም ምን ያህሉ በዚህ ይወጣል የሚለውን፣ አይመልስም። ይህንን መልሻለሁ የሚል ሪፖርት ካጋጠመ መጠራጠር ይገባል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ከ10 ውስጥ 9 ብንሰጠው አልበዛበትም።

ሲቲ ስካን

ለአጥንት የሚወዳደረው የለም። ቀዳዳው አንድ ይሁን ብዙ፣ በየትኛው ቦታ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ልክ አድርጎ ያሳያል። አንዳንዱ ጋ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ብቻ ይታያል፤ ሌላው ጋ ደግሞ አጥንቱ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው። ቀዶ ሐኪም ይህን ማወቅ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ቀዳዳዎቹን ሁሉ በአጥንት ሰም መድፈን አለበት፣ አንዷ ብትቀር ትደማለች ወይም እብጠቱ ይመለሳል።

ብዙ ቦታ የሚሠራው ተራው የጭንቅላት ሲቲ ግን ለዚህ አይሆንም። በ5 ሚሊሜትር ውፍረት የተቆረጠ ምስል 2 ሚሊሜትር ቀዳዳን ይውጠዋል። የሚያስፈልገው ከ1 ሚሊሜትር ያልበለጠ ቁርጥ፣ በአጥንት ማቀነባበሪያ የተሠራ፣ በሦስቱም አቅጣጫ የተዘረጋ ነው። ደም መልሱን ለማየት ደግሞ ኮንትራስት (ደምን በምስሉ ላይ የሚያበራ መድኃኒት) ይሰጥና በአዋቂ ሰው ከ40 እስከ 45 ሴኮንድ ተጠብቆ ይነሳል። ቶሎ ከተነሳ ደም ቅዳው ብቻ ይበራል፣ ከረጢቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ አንባቢውም «ደም የሌለበት ሲስት» ይለዋል።

ሌላው የሲቲ ጣጣ ብዙ ነገር ማሳየቱ ነው። ራስ ቅል በተፈጥሮው ቀዳዳና ጉድጓድ ይወዳል። ከጆሮ ጀርባ የሚያልፈው ደም መልስ በብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ሰፋ ብሎ ይታያል። አናት ላይ ግራና ቀኝ ተመጣጣኝ ሆነው የሚገኙ ቀዳዳዎች በቤተሰብ የሚወረሱ፣ እብጠት የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የአንጎል ፈሳሽ ወደ ደም የሚመለስባቸው ጥቃቅን እባጮች የአጥንቱን የውስጥ ገጽ ይቦረቡራሉ፤ የውጪው ገጽ ግን ድፍን ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሳይነስ ፔሪክራኒ ለመባል ቀዳዳው ከውስጥ እስከ ውጪ ያልተቋረጠ መሆን አለበት፤ በዚያ ላይ ከውጪ ከረጢት ያስፈልጋል። በአጥንቱ ውስጥ ብቻ የቀረ፣ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ የሚበተኑ የአጥንት ዘንጎች ያሉት ቁስል ሌላ ነው። ይህ ዛሬም በብዙ ሪፖርት ላይ «ሄማንጂዮማ» እየተባለ ይጻፋል። ተመራማሪዎቹ ሙሊከንና ግሎዋኪ እ.ኤ.አ. በ1982 እየተባዛ የሚያድገውን ሄማንጂዮማ ከደም ሥር የአፈጣጠር ጉድለት ከለዩ ወዲህ ትክክለኛ ስሙ የአጥንት ደም መልስ የአፈጣጠር ጉድለት ነው። ስሙ ለምን ያሳስባል? ለሕፃናት ሄማንጂዮማ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ለዚህ አይሠራም፤ ወላጅ ስም አምኖ ወራት ሊያባክን ይችላል።

የጨረሩ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። አንድ የአዋቂ የጭንቅላት ሲቲ ወደ 2 ሚሊሲቨርት ይሆናል። ለሕፃን መጠኑ መቀነስ አለበት፤ ደግሞ ደጋግሞ የሚነሳበት ምክንያት የለም። ቀዶ ሕክምና ካልታሰበ ሲቲን መዝለል ይቻላል።

ተራ ራጅ? ዛሬ ለዚህ ጉዳይ የሚታዘዝበት ምክንያት አይታየንም።

ኤምአርአይ

ጨረር የለውም፣ ለስላሳውን ክፍል ከማንም በላይ ያሳያል፣ ከእብጠቱ ጋር ተያይዘው የሚመጡ ነገሮችንም ይፈልጋል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ የመጨረሻው ነው። ሳይነስ ፔሪክራኒ አንዳንዴ ብቻውን አይመጣም፤ በአንጎል ውስጥ ያልተለመደ የደም መልስ አቀማመጥ፣ የራስ ቅል ስፌቶች (የአጥንቶቹ መጋጠሚያዎች) ያለጊዜያቸው መግጠም፣ ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ያሉ የደም መልስ ጉድለቶች አብረው ይገኛሉ። ስፌቶቻቸው ቀድመው በገጠሙባቸው ልጆች ነገሩ ከዚህም ይከፋል፦ የተለመደው መውረጃ ጠቦ ደሙ በራስ ቆዳ በኩል ያመልጣል። እንዲህ ያለ ልጅ የራስ ቅል ማስፊያ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለትና የራስ ቆዳው ሲገለጥ ያ ማምለጫ ከተቆረጠ ደሙ መሄጃ ያጣል፤ አንጎል ያብጣል። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች ከቀዶው በፊት የደም መልስ ካርታ ሳይነሳ መግባት በእኛ ዕይታ ይቅር የማይባል ስህተት ነው።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ። አንደኛው ወጥመድ ማሽኑ ራሱ ነው፤ ጭንቅላት የሚገባበት ቀፎ (ኮይል) እና ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ የሚጎዘጎዘው ስፖንጅ። እብጠቱ ማጅራት በኩል ወይም አናት ላይ ከሆነ ሰውየው በራሱ ክብደት ተኝቶበት፣ ወይም በስፖንጁ ተጨፍልቆ ባዶ ከረጢት ይነሳል። ቴክኒሻኑ እብጠቱ የት እንዳለ አስቀድሞ ሊነገረው፣ ስፖንጁም ከዚያ ቦታ ሊነሳ ይገባል። ቆዳው ላይ የቫይታሚን ኢ ፍሬ ወይም የዓሣ ዘይት ፍሬ በፕላስተር መለጠፍ ቦታውን በምስሉ ላይ ያመለክታል፤ ከከረጢቱ ጎን ይለጠፍ እንጂ ላዩ ላይ አይለጠፍ፣ ፕላስተሩም ይጫናልና። ግንባር ላይ ያለ ከሆነ ችግሩ ይቀላል፤ በጀርባ መተኛቱ ራሱ ግን ከረጢቱን ሁልጊዜ እስከ ጠርዙ ላይሞላው ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የምስሉ ዓይነት ነው። ያለ ኮንትራስት የሚሠራው፣ የደምን እንቅስቃሴ ተከትሎ የሚያበራው የደም መልስ ምስል በፈጣንና ወደ ቁርጡ ቀጥ ብሎ በሚገባ ደም ላይ ጥሩ ነው። እዚህ ያለው ደም ግን ቀርፋፋ ነው፣ አቅጣጫውም ጠመዝማዛ ነው። ከቁርጡ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ብርሃኑ ይጠፋል። የደም ቅዳ ብርሃን እንዲጠፋ ከታች የሚደረገው ማጥፊያ ደግሞ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣውን ደም መልስም ያጠፋዋል። በዚህ ምስል ላይ ሳይነስ ፔሪክራኒ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። የደሙን ፍጥነት የሚለካው ሌላው ዓይነት ይሻላል፣ መለኪያው በሴኮንድ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር አካባቢ ከተስተካከለ። ከሁሉም የምንመርጠው ግን በጋዶሊኒየም (በኤምአርአይ ኮንትራስት) የሚሠራውን ነው፤ በኪሎ 0.1 ሚሊሞል ተሰጥቶ፣ 1 ሚሊሜትር በሆነ ሦስት አቅጣጫ እኩል በሚዘረጋ ምስል ከራስ ቆዳ እስከ ሳይነሱ ድረስ ያለውን መንገድ በአንድ ክር መከተል ያስችላል።

የሚመሳሰሉትን ለመለየትም ኤምአርአይ ዋጋውን ያወጣል። ኤፒደርሞይድ ሲስት (ከቆዳ ሕዋስ የሚፈጠር ከረጢት) በዲፊውዥን፣ ማለትም የውኃን እንቅስቃሴ በሚያሳየው ምስል ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ በኮንትራስት ግን ውስጡ አይበራም፤ ሳይነስ ፔሪክራኒ ግን ውስጡ ድረስ ይበራል። ሲወለድ ጀምሮ አናት ወይም ማጅራት ላይ ያለች፣ ፀጉር የከበባት ትንሽ እብጠት ደግሞ በግማሹ የቀረች የአንጎል ሽፋን ልትሆን ትችላለች። የዚህችን ምስክር እብጠቷ ውስጥ መፈለግ ልፋት ነው፤ ከሥሯ፣ በአንጎል መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ያልተለመደ ሳይነስ ነው የሚያጋልጣት። ምስሉን የሚያነበው ሰው ዓይኑ እብጠቱ ላይ ብቻ ከተተከለ ይህንን ያልፈዋል።

ቅሬታችን ሁለት ነው፦ ትንንሽ ልጆች ማደንዘዣ ይፈልጋሉ፣ ዋጋውም ከአልትራሳውንድ ጋር አይነጻጸርም። ሁለተኛውን ጥያቄ በከፊል ይመልሳል፤ «የላይኛው ሳጂታል ሳይነስ ክፍት ነው፣ ሌሎች መውረጃዎችም አሉ» ካለ ልብ ያሳርፋል፣ ለቀዶ ሕክምና ግን ፈቃድ አይሰጥም።

የካቴተር አንጂዮግራፊ

ሁለተኛውን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው ይህ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የ15 ሕሙማንን ሁኔታ ያየ ጥናት ሳይነስ ፔሪክራኒን በሁለት ከፍሎታል፤ ዋና እና ተጨማሪ። ዋና የሚባለው የአንጎል ደም አብዛኛው በእሱ በኩል ወጥቶ የተለመደውን ሳይነስ ሲያልፈው ነው። ተጨማሪ የሚባለው ትንሽ ደም ብቻ ሲሻገርበት ነው። ልዩነቱ የሕይወት ነው። ተጨማሪውን መዝጋት ይቻላል። ዋናውን መዝጋት ግን የአንድን ሠፈር ብቸኛ የፍሳሽ ቱቦ መድፈን ነው፤ ደም ወደ አንጎል ተመልሶ ይከማቻል፣ ያብጣል፣ ይደማል።

በምርመራው ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ደም ቅዳ ገብቶ እስከ አንገት ደም ቅዳዎች ይደርስና ኮንትራስት ይረጫል፤ በሴኮንድ ጥቂት ምስሎች ይነሳሉ። የውስጠኛው ካሮቲድ (ለአንጎል የሚሄደው የአንገት ደም ቅዳ) ግራና ቀኝ፣ ከኋላ ቢያንስ አንድ ቨርቴብራል (በማጅራት በኩል የሚወጣው ደም ቅዳ)፣ ለፊትና ለራስ ቆዳ የሚሄደው የውጪው ካሮቲድም መታየት አለበት። የውጪው ለምን? ደም ቅዳ በቀጥታ የሚገባበት ግንኙነት እንደሌለ ለማረጋገጥ።

እዚህ የሚበላሸው ጊዜ ነው። ብዙ ባለሙያ የለመደው የደም ቅዳ መዘርጋትን፣ የደም ቧንቧ ማበጥን ማየት ነው፤ 10 ሴኮንድ አካባቢ ሲደርስ እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል። ሳይነስ ፔሪክራኒ ግን የሚሞላው በመጨረሻ ነው፤ አንዳንዱም መደበኛው የደም መልስ ምዕራፍ ካለቀ በኋላ። ቀረጻው ቢያንስ እስከ 20 ሴኮንድ መዘርጋት አለበት። ዲስኩ ሲመረመር የመጨረሻው ምስል ላይ ሳይነሶቹ ገና እንደበሩ ቀረጻው ከተቋረጠ ምርመራው ለዚህ ጥያቄ አልተሠራም ማለት ነው፤ ሰውየው የቱቦውን አደጋ ተሸክሞ መልሱን ሳያገኝ ወጥቷል።

ሌላ ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ጥሩ ክፍሎች ያደርጉታል፣ ብዙዎች ይዘሉታል። ኮንትራስቱ እየተረጨ ከረጢቱ በጣት ወይም በፋሻ ተጭኖ ሲዘጋ የአንጎሉ ደም በሌላ መንገድ በተለመደው ፍጥነት ይወርዳል ወይስ ይዘገያል? ይህ የሙከራ መዝጊያ ነው። ቢዘገይ መልሱ «አትንኩት» ነው።

ከረጢቱን በቀጥታ በቀጭን መርፌ ወግቶ ኮንትራስት የመስጠት ዘዴም አለ። ቀዳዳውን ግልጽ ያደርጋል፣ ነገር ግን የአንጎሉን ደም አይናገርም፤ ግፊቱ ከውጪ የተሠራ ነውና ደሙ በተፈጥሮው ወዴት እንደሚሄድ አያሳይም። በሕክምናው ዕለት፣ መዝጊያ መድኃኒቱ ከመረጨቱ በፊት ካልሆነ በቀር ብቻውን አይታዘዝም።

አደጋው የታወቀ ነው፤ በብሽሽት ደም መቋጠር፣ ለኮንትራስት አለርጂ፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ስትሮክ። በለመዱ እጆች ቋሚ የነርቭ ጉዳት ከመቶ አንድ በታች ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። ስለዚህ እብጠቱን ማንም ሊነካው ካላሰበ አንጂዮግራፊ ይቅር እንላለን። ትንሽ፣ የማያሳምም፣ ከፀጉር ሥር የተደበቀ ከሆነ በየጊዜው በአልትራሳውንድ መከታተል ይበቃል፤ ከጊዜ ጋር በራሳቸው የጠፉም ተመዝግበዋል። ቀዶ ሕክምና ወይም መዝጊያ መድኃኒት መርጨት ከታሰበ ግን አንጂዮግራፊ ሳይሠራ አንሄድም የሚል ቡድን መምረጥ ይገባል።

ምት ያለው ከሆነ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለማይመታ እብጠት ነው። ጣት ሥር የሚመታ፣ የሚንሿሿ ከሆነ ሁለት ነገር ቀድሞ ይታሰባል። ጆሮ ግንዱን (በዓይንና በጆሮ መሐል ያለውን ጎን) ከተመታ ከ2 እስከ 6 ሳምንት በኋላ የመጣ ከሆነ የጆሮ ግንዱ ደም ቅዳ ግድግዳ ተቀዶ የተፈጠረ የውሸት እብጠት ነው፤ ከጆሮ ፊት ለፊት ያለውን ደም ቅዳ ሲጫኑት ምቱ ይቆማል፣ በዶፕለርም ደሙ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ሲሽከረከር ይታያል። ጠመዝማዛ፣ እንደ ትል የተጠላለፉ ሥሮች ከሆኑ ደግሞ የራስ ቆዳ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀጥታ የተያያዙበት ጉድለት ነው። ለዚህ የውጪው ካሮቲድ አንጂዮግራፊ ወሳኝ ነው።

እብጠት ሳይኖር ጆሮ ውስጥ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ ድምፅ የሚሰማው ሰውም በዚሁ መደብ ይገባል። በአንጎል ሽፋን ውስጥ ያለ የደም ቅዳና ደም መልስ መገናኛ በተራ ሲቲና በተራ ኤምአርአይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። «ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው» ተብሎ የተሸኘ ሰው ድምፁ ካልተወው፣ በተለይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ካቴተር አንጂዮግራፊ የሚገባው እዚህ ነው። ደሙ ወደ አንጎል ገጽ ደም መልሶች የሚመለስ ዓይነት ከሆነ የመድማት አደጋው ከፍ ያለ ነውና።

ሪፖርቱ

ተገልጋዩ በእጁ ይዞት የሚወጣው ወረቀትና ዲስክ ነው፤ የአገልግሎቱ ጥራትም እዚያ ላይ ይታያል። «ከራስ ቆዳ ሥር ያለ የደም ሥር እብጠት፣ ከክሊኒካዊ ሁኔታ ጋር ይመሳከር» የሚል ሁለት መስመር ዋጋ የለውም። የምንጠብቀው ይህ ነው፦ እብጠቱ ተቀምጦና ተኝቶ በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ፤ ከመሐል መስመሩ በስንት ሚሊሜትር ርቀት፣ ከየትኛው ስፌት አጠገብ እንዳለ፤ የአጥንቱ ቀዳዳዎች ብዛትና ስፋት፤ ከየትኛው ሳይነስ ጋር እንደተያያዘ፤ ሌሎቹ ሳይነሶች ሙሉ፣ ቀጭን ወይም የሌሉ መሆናቸው፤ በአንጎል ውስጥ ሌላ ያልተለመደ ደም መልስ መኖር አለመኖሩ። አንጂዮግራፊ ከተሠራ «ዋና» ወይም «ተጨማሪ» የሚለው ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ስልክ ደውሎ ማስጻፍ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው ያቺን አንድ ቃል ነው።

ዲስኩን በሚመለከት፣ የታተመ ፊልም ብቻ ተቀብሎ መውጣት ስህተት ነው። በፊልሙ ላይ ያሉት የተመረጡ ምስሎች ናቸው። ቀጫጭኖቹ ቁርጦች ሙሉ በሙሉ፣ አንጂዮግራፊውም በፊልም መልክ እስከ መጨረሻዋ ምስል ድረስ በዲስክ ይጠየቁ፤ ማሽኑ ላይ የሚቀመጡት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይወሰዱ። ዲስኩ ላይ ቀኑና ምርመራው ሲነሳ ሰውየው የነበረበት አቀማመጥ በማርከር ይጻፍበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ሲያድግ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው፣ ተቀምጦ የተለካ ከተኝቶ ከተለካ ጋር ከተነጻጸረ ግን ያላደገው አድጓል፣ ያደገውም ጠፍቷል ይባላል።